የጠመንጃ ማጽጃ ዕቃ ምርጫ
ውድ የተኩስ ስፖርት ክበባችን አባላት፣

በጋራ የምንገዛውን የጠመንጃ ማጽጃ ለመምረጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በክበቡ አዳራሽ እንገናኛለን።

ዋናው ጉዳይ የበርሜሉን ውስጥ የምናጸዳበት ዘንግ ነው። እኔ የምደግፈው በፕላስቲክ የተለበጠውን ወጥ ዘንግ ነው፤ ተገጣጣሚው ለጉዞ ቢመችም መጋጠሚያው የበርሜሉን ውስጥ ሊፍቅ ይችላል። ከጥይት መግቢያው በኩል የማይጸዳ ጠመንጃ ያላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ። ዘንግ በአፈሙዝ በኩል እየገባ የበርሜሉን ጫፍ ከጎዳው የጠመንጃው ኢላማ ይበላሻልና ለእነዚህ በገመድ የሚሳብ ማጽጃ ብንገዛ ይሻላል።

ብሩሹ የነሐስ ይሁን። የ5.56 ሚሊ ሜትር ብሩሽ ለ7.62 ስለማይሆን እያንዳንዳችሁ የጠመንጃችሁን የጥይት መጠን ጻፉልኝ።

አሁን የምትጠቀሙበትን ማጽጃ ይዛችሁ ኑ፤ ጠመንጃና ጥይት ግን እባካችሁ አታምጡ። እስከ ሐሙስ ማታ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።