በጦሳ ተራራ ግርጌ ለምንተክለው የጽጌረዳ መናፈሻ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የደሴ ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ!

ከሰፈራችን በላይ ያለውን ተዳፋት ታስታውሱታላችሁ። ለዓመታት ቆሻሻ ሲደፋበት ኖሯል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩንና ቆሻሻውን ጠራርጎ በየደጃችን ያወርደው ነበር። ዘንድሮ በደቦ ወጥተን አጸዳነው። ቆሻሻው ሲነሳ ከሥሩ አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ብቅ አለ። ግማሽ ጎኑ ደርቋል፤ በሌላው ጎኑ ግን ነጫጭ አበባ አውጥቷል። ልጆች ሳለን ቀዩን ፍሬውን ለቅመን፣ ውስጡ ያለውን ፀጉራም ዘር አራግፈን የበላነው ያው ቀጋ ነው። ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው፤ የሳይንስ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። መናፈሻ የመትከሉ ሐሳብ የመጣልን እዚያው፣ ቁጥቋጦውን ከበን ቆመን ሳለ ነው።

«ተዳፋት ላይ ምን ይተከላል?» ያሉን አሉ። ለጽጌረዳ ግን ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ተዳፋት ይሻለዋል፤ ሥሩ ውሃ ካቆረበት ይበሰብሳል። በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ ዝነኛ የጽጌረዳ መናፈሻም ኮረብታ ላይ በእርከን የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የተመሠረተው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ጽጌረዳ ዝርያዎች በቦምብ እንዳይጠፉ ለማትረፍ ታስቦ ነበር። ጦርነት በደጇ ላለፈባት ደሴ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የእኛም ንድፍ ሦስት እርከን አለው። የታችኛው ዙሪያውን በቀጋ ይታጠራል፤ እሾሁ ፍየል አያስገባም። በመካከለኛው ድንክ ጽጌረዳዎች ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይተከላሉ፤ አንዱ የሌላውን ፀሐይ እንዳይከለክል ነው። ከላይ፣ ከተማዋ ቁልጭ ብላ በምትታይበት፣ ለአረጋውያን መቀመጫ ይሠራል። መንገዱም ምርኩዝ የያዘ ሰውና ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፉበት ሰፊና ደረጃ የሌለው ይሆናል። ያ የመጀመሪያው ቀጋ ካለበት አይነሳም፤ ካቡን በጎኑ እናዞረዋለን።

የካቡን ድንጋይ የሰፈሩ ወጣቶች አግዘው ጨርሰዋል። የጎደለን የግንበኞች ደመወዝ፣ ለጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚሆን ሲሚንቶ፣ ቧንቧና አንድ ሮቶ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበን ሮቶው ነው፤ በበጋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ የምናጠራቅምበት ከሌለን ችግኙ ሥር ሳይሰድ ይደርቅብናል።

ገንዘብ ለመስጠት የምትፈልጉ ለቅሬያችን (ለእድራችን) ገንዘብ ያዥ አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከከተማዋ ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። የገባውና የወጣው ሒሳብ በየወሩ በቅሬው ስብሰባ ላይ ይነበባል። ገንዘብ ባይኖራችሁ ደግሞ ከግቢያችሁ ጽጌረዳ ቁራጭ ስጡን፦ እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ ስንዝር የሚሆን ርዝመት፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው። እናታችሁ የተከለችው ከሆነ ስሟን ጽፋችሁ እሰሩበት፤ እኛም ከሥሩ እንጽፈዋለን።

ካቡና ቦዩ ከሐምሌ ዝናብ በፊት ማለቅ አለባቸው። ቁራጮቹን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንቀበላለን፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጧቸው።