ያልላክሁልሽ ፎቶ

ሙኒክ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ሆዴ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ ልጅ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሐሙስ ማታ ትበርና ለገና ደሴ ትገባለች። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ፣ በአንቺ እጅ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጪ ብዬ አደራ ብያታለሁ።

አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ይቅር በይኝ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ግን አሁን በእሱ ከጀመርኩ እንደ በፊቶቹ ሦስት ደብዳቤዎች ይሄም መሃል ላይ ይቀራል። ስለዚህ በልጄ ልጀምር።

አዎ፣ ወልጃለሁ። ከእናቴ ሰምተሽ ይሆናል፤ ባትሰሚም አሁን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይኝ። ሴት ናት። ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ግንባሯ የእናቴ፣ ፀጉሯ የአባቷ፣ ቁጣዋ ግን ያንቺ ነው፤ ማንኪያ ከእጇ ሲወድቅ ማንኪያውን ትቆጣዋለች። መርፌ እየወጋሽም በሽተኛውን የምትቆጪው አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ።

የምፈልግሽ ለእሷ ነው። መስከረም ላይ ሽፍታ ጀመራት። ጭኗና ገላዋ የሚገናኝበት እጥፋት ውስጥ ነው። ደም የመሰለ ቅላት፣ ዳሩ በእስክሪብቶ የተከበበ ይመስላል፤ ከዳሩ ወጣ ብሎ ደግሞ እንደ ዳጉሳ ፍሬ የተበታተኑ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉት። ሐኪሟ አይታ ዚንክ ያለበት ቅባት አዘዘችልን፤ ለሳምንት ጠፋና ተመለሰ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ስታጥቢያት ታለቅሳለች። እናቴ ቅቤ ቀቢያት ትላለች፤ እኔ አንቺን ሳልጠይቅ ቅቤ አልቀባም።

ባለፈው እሑድ ማታ ቁጥርሽን ከእናቴ ተቀበልኩ። ልጄን አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ መብራቱን አስጠግቼ ፎቶ አነሳኋት። ዋትስአፕ ላይ ስምሽን ከፈትኩ፤ የፎቶሽ ነጭ ነጠላ ታየኝ። ምስሉን መረጥኩ። አውራ ጣቴ አረንጓዴዋ ቀስት ላይ ደረሰና ቆመ። አልላክሁትም። አጠፋሁት፤ የጠፉት ነገሮች የሚቀመጡበት ድረስ ገብቼ እንደገና አጠፋሁት። ልጄ ራቁቷን እግሯን እያወራጨች ትስቃለች፣ እኔ እንደ ሌባ ስልክ አጸዳለሁ።

ለምን መሰለሽ? እዚህ አገር ሰው ሁሉ ቻትኮንትሮለ (የመልእክት ቁጥጥር እንደ ማለት ነው) የሚለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎችን ለማደን ነው የተባለው። እናት ሆኜ ይህን እንዴት እጠላለሁ? እንዲህ የሚያደርገውን ሰው ከተደበቀበት ጎትተው ያውጡልኝ። ነገር ግን ረቂቁ የተጠረጠረውን ሰው ብቻ ፈልጉ አላለም፤ ትእዛዝ የደረሰው ኩባንያ የደንበኞቹን ሁሉ መልእክት እንዲያስፈትሽ የሚያስገድድ ነበር። ዋትስአፕና ሲግናል ደግሞ መልእክቱን እኔ ስልክ ላይ ቆልፈው አንቺ ስልክ ላይ ነው የሚከፍቱት፤ መሃል ላይ ኩባንያው ራሱ አያየውም። እንግዲህ ማየት ከተፈለገ የሚቀረው ከመቆለፉ በፊት እዚሁ ስልኬ ውስጥ መፈተሽ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ሰው እንዳለ አስቢው። ከዚያ በኋላ ፖስታውን በሙጫ ባሽገው ምን ዋጋ አለው?

ፖሊስ ቀድሞ የሚያውቃቸው ምስሎች አሻራ አላቸው፤ ማሽኑ አሻራውን ያመሳክራል። አዲስ ምስል ሲሆን ግን ይገምታል። የሚያስፈራኝ ግምቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ አባት ሕፃን ልጁ ብልቱ አብጦበት ለሐኪም የሚልከውን ፎቶ አነሳ። ጉግል ፎቶውን አይቶ ለፖሊስ አሳወቀ። ፖሊስ መርምሮ ወንጀል የለም ብሎ ዘጋው፤ ሰውዬው ግን ኢሜይሉን፣ ዓመታት ያጠራቀማቸውን ፎቶዎች፣ ስልክ ቁጥሩን ጭምር እንዳጣ ቀረ። ያንን ሳነብ ልጄ ገና አልተፀነሰችም። አሁን ግን ያ አባት እኔ ነኝ። እዚህ ጀርመን ራሱ፣ በ2024 ለፌዴራሉ ወንጀል ፖሊስ ከአሜሪካ ከመጡለት ከ200 ሺህ በላይ ጥቆማዎች ግማሽ የሚጠጋው ወንጀል የሌለበት ነው። ከእነዚህ ጥቆማዎች ጀርባ አንድ የማያውቁት ሰው ፎቶውን አስፍቶ ያየበት ቤተሰብ ይኖራል።

ጽሑፍም ይፈተሽ ነበር የተባለው፤ ትልቅ ሰው ልጅን ሲያባብል የሚጻጻፈውን ለመያዝ። እናቴ የድምፅ መልእክት የሚሰለቻት ቀን ምን ብላ እንደምትጽፍልኝ ታውቂያለሽ? «ያቺን ጭን እንክት አድርጌ ልብላት፣ ስሞት ስታጥቢያት ቪዲዮ ላኪልኝ።» ይህን የትኛው ማሽን ነው እንደ አያት የሚያነበው? አማርኛችን ፍቅሩን የሚናገረው በመብላትና በመሞት ነው። አፈር ስሆን፣ ልሙትልሽ፣ ልብላሽ። እነዚህን ቃላት ለልጄ ሳልላቸው እንድታድግ አልፈልግም።

አሁን ነገሩ ትንሽ ረገብ ብሏል። ጥቅምት መግቢያ ላይ የኅብረቱ አገሮች ድምፅ ሊሰጡበት ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ የጀርመን ፍትሕ ሚኒስትር ሽቴፋኒ ሁቢግ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ የሰውን መልእክት መፈተሽ በሕግ በሚመራ አገር የማይታሰብ ነው ብለው ተቃወሙ፤ የንስ ሽፓን የሚባሉት የወግ አጥባቂዎቹ የፓርላማ መሪም ሁሉንም ደብዳቤ ለጥንቃቄ ብሎ እንደመክፈት ነው አሉ። ሰዉም ለየመረጠው የፓርላማ አባል ሲጽፍ ነበር የከረመው። እኔም ጽፌያለሁ፤ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ስለ ሽፍታው ጭምር። ድምፁ ሳይሰጥ ቀረ፤ ኅዳር 17 ቀን አገሮቹ ግዴታውን ትተው ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ይፈትሹ በሚለው ተስማሙ። በፈቃድ የሚባለው ፍተሻ ከ2021 ጀምሮ በጊዜያዊ ሕግ ያለ ነው፤ አሁን ቋሚ ይሁን ነው የሚሉት። ገና ከፓርላማው ጋር ይደራደራሉ። እኔ አልተኛሁም። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ በአንድ በር ሲባረር በሌላ በር የሚገባ ነገር ነው።

የምሠራበት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንዲት የላይፕሲክ እናት አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የማበጥረው እኔ ነኝ። ምሥራቅ ጀርመን እያለች እዚህ ሙኒክ ላለች እህታቸው ይጽፉ ነበር፤ ሽታዚ የሚባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በእንፋሎት እየከፈተ፣ ገልብጦ፣ መልሶ አሽጎ ይልከዋል። ግንቡ ከወደቀ በኋላ ማኅደሩ ለባለቤቶቹ ሲከፈት የራሳቸውን ጠይቀው ወሰዱ። ሰሞኑን አሳዩኝ። የደበዘዘ ግልባጭ ነው፤ «ቡናው ደርሶናል፣ እናታችን እያሸተተች አለቀሰች» ይላል። «ቡናው» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ እርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አንድ መኮንን ቁጭ ብሎ ምስጢራዊ ቃል ይሆን ብሎ ተጨንቆበታል! ሴትዮዋ ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አድርገው «ቡና ነበረ እኮ፣ ቡና ብቻ» ብለውኝ ዝም አሉ። ማበጠሪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ምሥራቅ ጀርመን ቡና ሲቸግራት፣ በ1977 እነሱ አቆጣጠር፣ ከደርግ ጋር መሣሪያ በቡና ተለዋውጣለች፤ የደርግ ደኅንነት ሰዎችም ከእነዚሁ ከሽታዚዎች ተምረዋል። የእኛን አገር ቡና ስትጠጣ የነበረችው አገር ጆሮ ጠቢነቱን ለእኛ ሰጠችን ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። በ2013 በእነሱ አቆጣጠር ሲቲዝን ላብ የሚባሉ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ፊንስፓይ የሚባለው መሰለያ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚሠራ አጋለጡ። የሚሸጠው ፊንፊሸር የሚባለው ኩባንያ ቢሮው እዚሁ ሙኒክ ነበር። ከስሮ የተዘጋው በ2022 ነው። እኔ እዚህ የመጣሁት ፈርቼ ነው ብዬ አላውቅም፤ ግን በዚህች ከተማ በትራም ስሄድ ያ ቢሮ የትኛው ፎቅ ላይ ነበር እላለሁ። ሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማሪ ልጆች ሲታሰሩ፣ ኢሜይል በምስጢር መላላክን መሠልጠናቸው ክሱ ላይ እንደ ጥፋት ተጽፎ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ያን ቀን በስልክ «እኛም እኮ ፊደል እየቀየርን ስንጻጻፍ ነው ያደግነው» ብለሽኝ ነበር።

ስቄ ነበር ያኔ። አክስትሽ ደብዳቤያችንን ለቡና ጠጪው ሁሉ ጮክ ብለው ካነበቡት በኋላ የፈጠርናት ናት ያቺ ፊደል። ሀን በለ፣ ለን በሐ፣ ሁን በሉ፤ እንዲህ እያሉ እስከ ፐ። የጦሳን ጉም አሳበን ትምህርት ቤት ያረፈድንባት ቀን የጻፍሽልኝ ወረቀት አሁንም አለኝ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ጥቅምት 2014። ደሴን ለቃችሁ ስትወጡ ከመንገድ ላይ የላክሽልኝን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። የመኪና ጡሩምባ አለ፣ የልጅ ልቅሶ አለ። አንቺ ቀስ ብለሽ ነበር የምታወሪው። መጨረሻ ላይ «አንቺ ብቻ አብሽሪ» አልሽኝ። እኔን፣ ሞቆኝ የተቀመጥኩትን። በዚያው ሰሞን ለአባቴ ተዝካር አዲስ አበባ ልገባ ቲኬት ቆርጬ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቷል፤ ስልክ ይከፈታል፣ የተጻጻፍሽው ይነበባል ይባላል። ድምፁን አጠፋሁት። ከዚያ በፊት የተጻጻፍነውን ሁሉ አጠፋሁት። ቁጥርሽን አጠፋሁት። ለራሴ «ለእሷ ብዬ ነው» አልኩ። ውሸት ነው፤ ለራሴ ፈርቼ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ስቀመጥ ስልኬን አሳዪ ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ዝም ያሰኘኝ ሀፍረት ነው። በሕይወት መኖርሽን ከእናቴ ነው የሰማሁት፤ ደስ ብሎኝ አልቅሼ፣ አልደወልኩም። ምን ብዬ? ከየት ጀምሬ?

እሑድ ማታ አውራ ጣቴ ሲቆም ያ ፍርሃት መሆኑን አወቅሁት። ያው ነው፣ አንድ ዓይነት። ሕጉ አልወጣም፤ ዋትስአፕም እስከ ዛሬ ቆልፎ ነው የሚልከው። ማንም አልከለከለኝም። እንዲያም ሆኖ የልጄን ሕመም ለጓደኛዬ ማሳየት አቃተኝ። እዚህ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 10 ላይ የደብዳቤ ምስጢር አይነካም ይላል፤ የእኛም አንቀጽ 26 ላይ የስልኩንም የኤሌክትሮኒኩንም ጨምሮ ይላል። ሁለቱንም በልቤ አውቃቸዋለሁ አሁን። ጣቴ ግን አያውቃቸውም።

በስልክም ልነግርሽ እችል ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደውዬ በሽፍታ ልጀምርብሽ አፈርኩ። ደግሞ ወረቀት ፈለግሁ። እጄ የነካው እጅሽን እንዲነካ።

ስለዚህ ሆዴ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሽፍታ እንደገና አንብቢውና ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ፈንገስ ነው? ቅባቱ ይቀየር? ዳይፐሩን ፈትቼ አየር ላስመታት? ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ቤት ነኝ፤ ቁጥሬ ከፖስታው ጀርባ አለ። መጀመሪያ መቆጣት ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ እሰማለሁ፤ ልጄም ትስማሽ፣ ድምፅሽን ትወቀው። ከልጅቷ ጋር ለልጆችሽ ትንሽ ቸኮላት፣ ለእናትሽ ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር ልኬያለሁ።

የመጨረሻዋን ቃል በእኛ ፊደል እጽፍልሻለሁ፤ ከረሳሽው ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ።

ኛፕበቅኣሕ።