«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት ራሙን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ትንሽ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሚፈልግ ሲመጣም እገጣጥማለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው ስለሚይዝበት ክፍል ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ ሰፈር ብዙ ሰው ገንዘቡን እያጣበት ነው።

አሁን አሁን ሚኒ ኮምፒውተር ፈላጊው በዝቷል። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችን ጠባብ ናቸው፤ ሚኒዋ ደግሞ ከስክሪኑ ጀርባ ትታሰራለች። ኃይል ብዙ አትበላም። መብራት ሲሄድ አነስተኛ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃታል። ብዙዎች ባዶዋን ይገዟታል፣ ወይም ዘመድ ከውጭ ይልክላቸዋል። ራሙንና ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን) ለብቻ ከመገናኛ ወይም ከመርካቶ ያሟላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት ጽሕፈት ቤት ያላት አንዲት የሰፈራችን ሴት ሚኒዋን በፌስታል ይዛ መጣች። ወንድሟ ከውጭ የላከላት ኤንዩሲ የተባለች የኢንቴል ሚኒ ናት፤ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር (ዋናው ማስሊያ ክፍል) አላት። ራሙን በእቁብ ብሯ ገዝታ አስገጥማለች። ማብሪያውን ስትጫነው ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ነው። መጀመሪያ ያሳየችው ጠጋኝ የራሙን ፒኖች (የብረት ጥርሶቹን) በላጲስ አሸት አሸት አደረገ፣ አወጣ፣ አስገባ። ከዚያ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ብትገዢ ይሻላል» ብሎ ሸኛት። ቦርድ የሚባለው ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው።

«ወንድሜ፣ እውነት ተቃጥሎ ነው?» አለችኝ።

የማሽኗን ጠቋሚ መብራት አየሁት። ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ፋታ ይወስዳል፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። በእነዚህ ኤንዩሲዎች ላይ ይህ የራም ችግር ምልክት ነው። ቦርዱ በሕይወት አለ፤ ችግሩን ራሱ እየነገረን ነው።

ራሙን አወጣሁት። ተለጣፊው ላይ «ፒሲ3-12800ኤስ» ይላል። ማሽኗ የምትፈልገው ግን «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ነው። ያቺ ኤል ትልቅ ነገር ናት። ኤል የሌለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል፤ ባለ ኤሉ በ1.35 ቮልት ይሠራል። ኤንዩሲዋ የምትሰጠው 1.35 ብቻ ነው። ሁለቱም 204 ፒን አላቸው፣ መሐል ላይ ያለው ቁርጥም አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ትግል ቀጭ ብሎ ይገባል። ተለጣፊውን ያላነበበ ሰው በምን ይለየዋል? ከድሮ ላፕቶፕ ያወጣሁትን ባለ ኤል ራም ሰካሁላት። ስክሪኑ ወዲያው መጣ።

ደስታዋ ግን እስከ ማግስቱ ነው የቆየው። ራሙን ልትመልስ ሄዳ ሻጩ የደረሰኙን ግርጌ አሳያት፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ስለ ዕቃው የተጻፈውስ? «ራም 8 ጂቢ»። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሻጩ አጭበርብሯል አልልም። ራሙ ጤነኛ ነው፤ 1.5 ቮልት የሚሰጥ ላፕቶፕ ላይ አሳምሮ ይሠራል። አስቸጋሪው ነገርም ይህ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ጤነኛ ራም ይዞ «ጉድለት አለበት» ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል። ይኸው አዋጅ ሌላም መብት ይሰጣል፤ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት አለበት ይላል። «ራም 8 ጂቢ» በቂ መረጃ ነው? በእኔ እምነት አይደለም። ቁጥሩን ሳይናገሩ ጫማ እንደ መሸጥ ነው።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቀዋል። ያልገጠመ ራም መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ሌላ መግዛት ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

አዲሶቹ ራሞች በአንድ በኩል ይሻላሉ። ዲዲአር ከነቁጥሩ የራሙን ትውልድ ይናገራል። የላፕቶፕ ዓይነት ዲዲአር4 260 ፒን አለው፣ ዲዲአር5 ደግሞ 262፤ ቁርጣቸውም የተለያየ ቦታ ነው። አንዱ የሌላው ስሎት (መሰኪያ) ውስጥ አይገባም፤ እምቢ ሲል በጉልበት የሚጫን ካልመጣ በቀር። መጠንም ይታይ። ያቺ አራተኛ ትውልድ ማሽን በአንድ ስሎት ከ8 ጂቢ በላይ አትቀበልም። ዛሬ የተለመደው ኤን100 ፕሮሰሰር ደግሞ ኢንቴል የመደበለት ጣሪያ 16 ጂቢ ነው። 32 ተሰክቶ የሚሠራባቸው አሉ፤ እኔ ግን ለደንበኛ በዕድል አልገጥምም።

ዲዲአር5 የራሱ አመል አለው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ራሙ አዲስ ሲሰካ ማሽኑ መጀመሪያ ፍጥነቱንና ጊዜ አጠባበቁን ይፈትሻል፣ ያስተካክላል። ይህ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል። ሲሰካው ሥራው ከሀ ይጀምራል፤ ደግሞ ይነቅለዋል። ባለቤቱ ታግሶ ቢጠብቅ እንኳ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ዲዲአር5 የገጠምኩበትን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የማበራው ከባትሪ ጋር አገናኝቼ ነው። ከዚያ አልነካውም። አንዴ ከጨረሰ ውጤቱን ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ይነሳል። ይህን ባለማወቅ ብቻ «ብልሽት» ተብለው ወደ እኔ የመጡ ጤነኛ ማሽኖች አሉ።

ላጲስን አልንቅም። በበጋ የቱሉ ዲምቱ አቧራ የቆየ ራም ላይ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ለሱ ፍቱን ነው። ከማሸጊያው ዛሬ የወጣን ራም ማሸት ግን ምን ይፈይዳል? የሙያ ጓደኞቼን የምለምነው ይህን ነው፤ ቦርድ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ተለጣፊውን አንብቡ። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጡና በየተራ ሞክሩ። የባዮሱን (የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም) ባትሪ ለጥቂት ጊዜ አውጥታችሁ መልሱ። እንደሚሠራ የምታውቁት፣ ለማሽኑም የሚስማማ ራም ሰክታችሁ እዩ። አምራቾች የፈተሹትን ራም ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ በስልክ ይታያል። ማሽኑ ተነስቶ ሰማያዊ ስክሪን (የብልሽት መልእክት) እያመጣ ካስቸገረ ሜምቴስት86ፕላስ የተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በፍላሽ ጫኑትና ሌሊቱን ይፈትሽ። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ አንድን ሰው ሌላ ማሽን ግዛ ማለት ተገቢ አይደለም።

ሻጮችን የምጠይቀው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ደረሰኙ ላይ ተለጣፊው የሚለውን እንዳለ ጻፉት፦ ዲዲአር ስንት እንደሆነ፣ የላፕቶፕ ይሁን የዴስክቶፕ፣ ፍጥነቱን፣ ኤል ካለው ኤል። ገዢው ማሽኑን ይዞ ከመጣም እዚያው ባንኮኒው ላይ ሰክቶ እንዲያይ ፍቀዱለት። ይህን የሚያደርጉ ሱቆች አሉ፤ ደንበኞቼን ወደ እነሱ ነው የምልከው። ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ቀያይሮ መገናኛ የደረሰ ሰው አንድ ራም ለመቀየር ያንን መንገድ ሊመላለስበት አይገባም።

የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎችም ሱቅ ሲገቡ ደረሰኝ መቆረጡንና ዋጋ መለጠፉን ብቻ አይዩ። ደረሰኙ ላይ የተሸጠው ዕቃ ዓይነት በትክክል መጻፉንም ይመልከቱልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ