የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከኮብላዩ ባለእጅ ጋር

ዘንድሮ ክበባችን ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ያስገባሁት ዕቅድ ግን ስድስት ይላል። ዕቅዱን ከዘገባው ጋር የሚያመሳክር ሰው ካለ ሰነፎች ቢለን አልቀየምም። አንዱንም ቢሆን የጨረስነው ሰኔ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

መጽሐፉ የጄምስ ፔኒንግተን የሕይወት ታሪክ ነው። ራሱ ጽፎ በ1849 ለንደን ውስጥ አሳተመው። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፔኒንግተን በ1807 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። የብረት ሥራ ተማረ። በ1827 ከጌታው እርሻ ጠፋ። ኋላ ፓስተር ሆነ፤ በስብከትም በጽሑፍም ባርነትን ሲታገል ኖረ። ለምን እሱን መረጥክ ካላችሁኝ፣ መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ አሮጌ ስለሆነም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ሌላ ጥልቅ ምክንያት አልነበረኝም። በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሃያ ሦስት ሆነን እናብጠረጥረዋለን።

ጠቡ የጀመረው ገና ከርዕሱ ነው። እኔ «ያመለጠው አንጥረኛ» ብዬ አመጣሁ። አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንጥረኛ እኮ ወርቅና ብር ነው የሚሠራው። ይሄ ሰውዬ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት ነው የሚመታው።» ልክ ናት። «ቀጥቃጭ በሉታ!» አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለምን እንደሳቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቃሉን ስድብ አድርገነዋል። «ጠይብ» ደግሞ ከሱ የባሰ ነው። ማረሻችንን የሚሠሩልንን ሰዎች ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ስንል የኖርን ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ምላሳችን ድረስ አልዘለቀም። በመጨረሻ «ባለእጅ» በድምፅ ብልጫ አለፈ። «ያመለጠው» የሚለውን «ኮብላዩ» ብላ ያቃናችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። አያቷ ስለጠፋች በቅሏቸው ሲያወሩ የሰማችው ቃል ነው። «ኮብላዩ ባለእጅ»። ከእኔው ይሻላል።

አንድ ልጅ ያን ዕለት አልሳቀም፣ ድምፅም አልሰጠም። ልብ አላልኩትም።

ርዕሱ ላይ መድከማችን ኋላ ጠቀመን። ፔኒንግተን እስከ ሃያ ዓመቱ ገደማ ሳይጠፋ ለምን እንደቆየ ሲያስረዳ ያልጠበቅነውን ይጽፋል። በሥራው ይኮራ ነበር። ከእጁ የሚወጣው ነገር እንዲያምር ይጠበብ ነበር። ባርነቱን ያስቻለኝ አንዱ ይሄ የባለእጅ ኩራቴ ነው ይላል። ኩራቱ የተሰበረበትን ቀንም ይነግረናል። አባቱ ዓይኑ እያየ ተገርፏል። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ የትልቅ ፈረስ እግር ተሸክሞ ኮቴ ላይ ብረት ሲመታ ወገቡ ዛለ። ትንሽ ላረፍ ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ ከጌታው ዓይን ጋር ገጠመ። በቃ። «ምን ታፈጥብኛለህ» ተብሎ በከዘራ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ እግሩን ተቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራው አልጣመውም። አለንጋ ያላስኮበለለውን ሰው የጠፋ የሥራ ፍቅር አስኮበለለው ማለት ነው። እዚህች ገጽ ላይ ሦስት ዓርብ ተቀመጥን።

ጉዞው ለልጆቹ ፊልም ሆኖላቸዋል። የያዘው ቁራሽ የበቆሎ ዳቦ ነው። የሰሜን ኮከብን ልከተል ብሎ ሰማዩ ደመነ። ሌሊቱን ሲሄድ አድሮ ኬላ ላይ ሲጠይቅ ያለው በባልቲሞር መንገድ ላይ ነው። ነጻነት ሰሜን ነው፤ እሱ ግን ወደ ሌላ የባሪያ ከተማ እየገሰገሰ ኖሯል። የጂኦግራፊ መምህራችን ይህችን ክፍል ለፈተና ሊጠቀምባት ወስዷታል።

ከዚያ ሰዎች ያዙት። የማን ነህ? የነጻነት ወረቀትህስ? አሉት። ዋሸ። የባሪያ ነጋዴ ይዞኝ ሲሄድ በፈንጣጣ ሞተ፤ አብረውኝ ከነበሩትም ብዙዎቹ ታመዋል አላቸው። ፈንጣጣ የሚለውን ሲሰሙ ደንግጠው ፈንጠር ፈንጠር አሉ። እሱም ኋላ ፈትለክ አለ።

ጥር ላይ ክርክር ያዘጋጀነው በዚህ ነው፦ መዋሸቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ቀላል መስሎኝ ነበር። ማን ይፈርድበታል? ችግሩ ፔኒንግተን ራሱ በራሱ መፍረዱ ነው። በውሸት ነጻ እወጣለሁ ብዬ ከቤት አልተነሣሁም ይላል። ባሪያ የነበሩት ወላጆቹ «እውነት ትወቀስ ይሆናል እንጂ አታፍርም» እያሉ ነው ያሳደጉት። የተቃዋሚው ቡድን ይህችን ይዞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ደመደመ። ከደጋፊዎቹ አንዷ ተነሥታ «እያደር የሚጠራው ለሚያድር ሰው ነው፤ እሱ እኮ ሊነጋለት አይችልም ነበር» አለች። እኔ ለሷ ነበር የምፈርደው። ዳኞቹ ግን እኩል አወጡ።

ፔንሲልቫኒያ ሲደርስ የተቀበለው ዊልያም ራይት የሚባል ኩዌከር (ባርነትን ይቃወም ከነበረ የክርስትና ወገን የሆነ ሰው) ነው። ሰውየው መጀመሪያ ማንነቱን አልመረመረም። ግባና ቁርስ ብላ፣ ሙቅ፣ ኮት እንኳ የለህም አለው። እዚያ ቤት ስድስት ወር ተቀምጦ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ከሌላ ምንጭ አሟላን። ዬል የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ሊማር ሄዶ ቁጭ ብለህ ስማ፣ ግን ድምፅህ አይሰማ፣ ከቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ አትውሰድ ተባለ። በ1838 ኒው ዮርክ ውስጥ ፍሬድሪክ ዳግላስ የሚባል፣ ኋላ በፀረ ባርነት ትግል ስመ ጥር የሆነ አዲስ ኮብላይ አጋባ። ያጋባው ፓስተርም ኮብላይ ነበር። በ1849 ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ያኔም በአሜሪካ ሕግ የሰው ንብረት ነው። በ1851 ሃርትፎርድ የሚባል የአሜሪካ ከተማ የሚኖር ወዳጁ ጆን ሁከር ነጻ ሊያወጣው በ150 ዶላር ገዛው። ሁከር የነጻነት ወረቀቱን ወዲያው አልፈረመም። የነገረ መለኮት ዶክተርን ባለቤት መሆን ምን ስሜት እንዳለው ላየው ብሎ አንድ ቀን አሳደረው። ግማሹ ክፍል ሳቀ፣ ግማሹ ተናደደ። እኔ እስካሁን የትኛው ጋ እንደሆንኩ አላውቅም። ዬል ደግሞ የክብር ዲግሪ የሰጠው በ2023 ነው። «አልቸኮሉም» አለ አንዱ።

ያልሳቅንበት አንድ ዓርብ ነበር። በ1854 ወንድሙ ስቲቨን ከሁለት ልጆቹ ጋር ኮብልሎ ኒው ዮርክ ደረሰ። ተያዙና ተመለሱ። ስቲቨንን በተዋጣ ገንዘብ አስለቀቁት። ልጆቹ ወደ ደቡብ ተሸጡ። «የእኛስ አገር?» የሚል ጥያቄ የመጣው ያን ቀን ነው። የእኛም አገር ነበረ አልኳቸው። ባርነትን ፈጽሞ የከለከለው ሕግ የወጣው በእኛ አቆጣጠር 1934 ዓ.ም. ነው። ዝም ተባለ። ለከርሞ በልጅነቱ ለባርነት ስለተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶም ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ስለመለሰው ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ እንድናነብ የወሰኑት ልጆቹ ናቸው። ዕቅዱ ላይ አንድ መጽሐፍ ብዬ ጽፌያለሁ።

ለወላጆች ቀን የብረት ቤቱን ትዕይንት በድራማ ሠራን። ወናፍ ጠፋ። ካርቶን እንለጥፍ ስንባባል ያ ያልሳቀው ልጅ ከስብሰባ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ «አያቴ ጋ አለ» አለኝ። አራት ዓመት ሳስተምረው የአያቱን ሥራ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ወናፉን በታክሲ ይዞት መጣ። አያቱም በዕለቱ መጡ፤ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ድራማው መሀል ላይ ድምፅ ማጉያው ተቋረጠ። በዚያ ጸጥታ እሳቸው ከተቀመጡበት «ብረት እንዲህ አይመታም!» አሉ። ወጥተው መዶሻውን ከተዋናዩ ተቀብለው አሳዩን። የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ የሳቸው ነበር።

የዓመቱ ሂሳብ፦ ከፎቶ ኮፒ በስተቀር ወጪ አላወጣንም። የአማርኛው ትርጉም ሁለት ጥራዝ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል፤ መዋስ ይቻላል። ወናፉ ግን መድረክ ላይ ተተርትሯል፤ ያልተለማመደ ሰው ነበር የሚነፋው። የቆዳ መግዣ ጥያቄያችን ከዚህ ዘገባ ጋር ተያይዟል።