ክለቡን ከመዝጋትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰብሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። አንቺንም እኔንም ኑሮ ወዲህና ወዲያ ሲያሯሩጠን ከረመ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። ናፍቀሽኛል፣ እሱን እወቂልኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። የጋራ ወዳጃችን ሰሞኑን አግኝታኝ የቼዝ ክለቡን ልትዘጊው እንደሆነ ነገረችኝ። «ደክሟታል፣ አቅቷታል» አለችኝ። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። እነዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው በሩ እስኪከፈት ደጅ ላይ ሲጠብቁሽ አይቻለሁ። የጠፋውን ወታደር በቆርኪ ተክተው ሲጫወቱም አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ቆርኪውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ወደፊት ሲያራምደው ትዝ ይለኛል። ከሌሎቹ ወታደሮች ምንም አላሳነሰውም ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ሲዘጋ ማንም ዜና አይሠራበትም። ልጆቹ ግን የሚሄዱበት ያጣሉ።

እስቲ ልጠይቅሽ። የአዳራሹን ኪራይ ማን ነበር የሚከፍለው? ሰሌዳ ሲሰበር ማን ነበር የሚገዛው? ልጆቹ ለውድድር ሲሄዱ ትራንስፖርቱን ማን ቻለው? አትመልሺልኝ፣ አውቀዋለሁ። ሁሉም ከቦርሳሽ ነው።

በተጠፋፋንበት ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ጀምሬያለሁ። ለአካባቢ ክለቦችና ማኅበራት ትንንሽ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ በበጎ ፈቃድ ማመልከቻ አነባለሁ። ግራንት የሚሉት ማለት ነው፣ ግን ትንሹ። የመዘምራን ቡድን ያመለክታል፣ የአረጋውያን የእግር ጉዞ ቡድን ያመለክታል፣ የሰፈር እግር ኳስ፣ የንባብ ክበብ፣ የጓሮ አትክልት ማኅበር፣ ሁሉም ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር ገብቶኛል። በየቡድኑ ውስጥ አንድ አንቺን የመሰለ ሰው አለ። ዝም ብሎ ይከፍላል። አይጽፈውም፣ አይናገረውም። አባላቱም ክለቡ በነፃ የሚኖር ይመስላቸዋል። ከዚያ ያ ሰው ይታመማል፣ ወይ ሥራ ያጣል፣ ወይ ሰፈር ይቀይራል። ብዙም ሳይቆይ ክለቡ ይበተናል። ሰዉ «ፍላጎት ጠፋ» ይላል። ፍላጎቱ ግን አልጠፋም፤ የነጠፈችው አንዲት ቦርሳ ናት።

ስለ ትንሽ ድጋፍ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ኳሱና ወንበሩ፣ የድምፅ ማጉያውና መጽሐፉ ነው። እሱም ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሸክሙን ከአንድ ሰው ትከሻ ማውረዱ ነው። ምክንያቱም ለማመልከት በጀት መጻፍ አለብሽ። በጀት ሲጻፍ ደግሞ ክለቡ በዓመት ምን ያህል እንደሚፈጅ አባላቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው ያዩታል። «ይህን ሁሉ ማን ሲከፍል ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ክለቡ ያንቺ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ይሆናል። ገንዘቡ ገና ሳይመጣ።

ትንሽ ገንዘብ ምን ይፈይዳል ትዪኝ ይሆናል። ያየሁትን ልንገርሽ። ያ የእግር ጉዞ ቡድን የጠየቀው ታጣፊ ወንበር ብቻ ነበር። በክንድ የሚንጠለጠል፣ ቀላል፣ የአራቱም እግሮቹ ጫፍ ጎማ ያለው። ማመልከቻውን ሳነብ ለእግረኛ ወንበር ምን ያደርግለታል ብዬ ገረመኝ። በኋላ ሄጄ አየኋቸው። ለካ ብዙዎቹ አባላት የቀሩት መራመድ ጠልተው አይደለም። ጉልበታቸው ሲያማቸው መንገድ ላይ የሚያርፉበት ስለሌለ፣ ሌላውን አስቁሞ ማስጠበቅ አሳፍሯቸው ነው። ወንበሮቹ ከመጡ በኋላ ከሰፈሩ ወጣቶች ሁለቱ ተሸክመው አብረው ይሄዳሉ። አንዲት እናት ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ከጎረቤታቸው ጋር ሲያወሩ አገኘኋቸው። ለወራት ከቤት አልወጡም ነበር አሉኝ። ይህን ትልቅ በጀት ያለው ተቋም አያስበውም። የሚያስበው ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በዓለም ላይ ሲሠራበት ኖሯል። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ፈንድ አቋቁማለች። ነዋሪዎች ተሰባስበው የመጫወቻ ቦታ፣ የአትክልት ስፍራ ወይም የግድግዳ ሥዕል ለመሥራት ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከተማዋ ስትሰጥ ነዋሪዎቹም ድርሻቸውን ያመጣሉ። በጣም የምወደው ግን ድርሻው የግድ ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ጉልበትም ይቆጠራል፣ ሙያም ይቆጠራል፣ በእርዳታ የተገኘ ዕቃም ይቆጠራል። ቅዳሜ አካፋ ይዞ የወጣ ሰው ሰዓቱ በገንዘብ ይተመንለታል። አንቺ ስንት ቅዳሜ ነው የሰጠሽው? እንደ አስተዋፅኦ ቆጥረሽው ታውቂያለሽ?

በብሪታንያም ከሎተሪ ገቢ ለማኅበረሰብ ቡድኖች የሚሰጥ ድጋፍ አለ። በእንግሊዝ አነስተኛው ከ300 ፓውንድ ይጀምራል። አስቢው፣ ያን የሚያህል ግዙፍ ተቋም 300 ፓውንድ ብቻ ለሚፈልግ ቡድንም በሩን ክፍት አድርጓል። ቦስተን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረ ኦውሰም ፋውንዴሽን የሚባል አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አሥር ሰዎች በየወሩ 100፣ 100 ዶላር ከኪሳቸው ያዋጣሉ። 1,000 ዶላሩን ለአንድ ጥሩ ሐሳብ ይሰጣሉ። ዛሬ በብዙ ከተሞች ተመሳሳይ ቡድኖች አሉት። ስለዚህ ለጋሽ ማለት የግድ ትልቅ ሕንፃ ያለው ድርጅት አይደለም። አሥር ሰው ይበቃል።

ሰፋ ያለውን ካየሽ፣ ግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አለ። በብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ስለ አካባቢ የዓለም ጉባኤ በተካሄደበት ዓመት ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲያስፈጽመው የኖረው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነው። ከ120 በላይ አገሮች ደርሷል። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ጣሪያ 50,000 ዶላር ነበር። ለአንቺ ክለብ ያ ብዙ ነው፣ ርዕሱም አካባቢ ጥበቃ ነው። ያነሳሁት ለውሳኔ አሰጣጡ ነው። በየአገሩ ኮሚቴ አለ፣ አብዛኞቹ አባላቱም ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ማን ይውሰድ የሚለውን የሚወስኑት እዚያው ያሉት ናቸው። ትንሽ ገንዘብ የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው። ሩቅ ያለ ሰው ቆርኪው ወታደር መሆኑን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አመልክቺ። «ክለቡን ለማጠናከር» ብለሽ ግን አትጻፊ። እንዲህ የሚል ማመልከቻ ስንቱን አነበብኩ! ማጠናከር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪው። ይህን ያህል ሰሌዳ፣ ይህን ያህል የቼዝ ሰዓት በዪ። ከሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ አያይዢበት። ስንት ልጆች እንደሚመጡና በሳምንት ስንት ቀን እንደምትገናኙ ጻፊ። የቆርኪውንም ነገር ጻፊው፣ ግድ የለሽም። አንባቢው ሰው ነው። አንድ እንዲህ ያለ እውነት ከአንድ ገጽ የፕሮፖዛል ቋንቋ ይበልጣል።

ቀድሞ ለወጣ ወጪ ግን አትጠይቂ። አብዛኞቹ ለጋሾች ወደ ኋላ ተመልሰው አይከፍሉም። ከኪስሽ ያወጣሽው ቢያናድድሽም እሱን አይመልሱልሽም። ደሞዝ የማይሸፍኑም ብዙ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ የማይሸፈኑ ወጪዎች ተዘርዝረው ታገኛቸዋለሽ። ጥሩ ማመልከቻዎች የሚወድቁት በአብዛኛው ያን ዝርዝር ባለማንበብ ነው። ቀኑንም ጠብቂ፤ ውሳኔ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ለሚቀጥለው ሳምንት ውድድር አይደርስልሽም።

ወረቀቱ እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አጭር መተዳደሪያ ደንብ፣ የኮሚቴ አባላት ዝርዝርና በክለቡ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። ለሂሳቡ ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ያስፈልጋል፣ እነሱም ዘመዳሞች ባይሆኑ ይመረጣል። ይህን እንደ ጣጣ አትዪው። ሁለተኛው ፈራሚ አንቺን ነው የሚጠብቅሽ። ገንዘብ ባለበት ሐሜት አይጠፋም። ደረሰኝ በፋይል፣ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ፣ ክፍያ በሁለት ፊርማ ከሆነ ግን ማን ምን ይልሻል? የተመዘገበ ማኅበር ካልሆናችሁም አትጨነቂ። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ሌላ ድርጅት፣ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ትምህርት ቤት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ በስሙ ሊይዝላችሁ የሚችልበት አሠራር ብዙ ቦታ አለ። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን።

የሚያናድደኝንም ልንገርሽ። ትንሽ ገንዘብ እየሰጡ የትልቅ ገንዘብ ሪፖርት የሚጠይቁ አሉ። የንባብ ክበብ የምትመራ አንዲት ጡረተኛ ለጥቂት መጻሕፍት መግዣ የቀረበላትን ቅጽ አሳይታኝ ነበር። የሦስት ዓመት ስትራቴጂ፣ የውጤት መለኪያዎች ሠንጠረዥ፣ የአደጋ ትንተና! ለአሥራ ምናምን መጻሕፍት! ሴትየዋ ግማሹን ሞልታ ተወችው። ይህ ግፍ ነው። ለወንበር መግዣ የደረሰኝ ኮፒ፣ ጥቂት ፎቶና አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል። እኛ ኮሚቴ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ቅጹን አሳጥረነዋል። በዚያ ደስ ይለኛል። አንቺም ስታመለክቺ ቅጹ ከገንዘቡ ከከበደ ትተሽው ሌላ ፈልጊ። ጊዜሽ የልጆቹ ነው።

ሌላው የምፈራልሽ ነገር አለ። አንዳንድ ቡድን አንዴ ገንዘብ ሲቀምስ የለጋሽ ማስታወቂያ እያየ ዓላማውን መቀየር ይጀምራል። ዘንድሮ ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ ካለ የአካባቢ ክለብ ይሆናል፣ ከርሞ ለጤና ካለ የጤና ክለብ። በመጨረሻ ቼዝ የሚጫወት ልጅ አይቀርም። ስለዚህ ለመጀመሪያው አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። ሰዓትና ሰሌዳ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል። ኪራይ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ተመልሶ ራስ ምታት ይሆናል፤ እሱን ለወላጆች መዋጮ ብታስቢለት ይሻላል። ወላጆቹን ሰብስበሽ ወጪውን አሳይተሽ ታውቂያለሽ? አይመስለኝም። ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ፣ ከባዱን አንዴ ድጋፉ ቢሸፍነው፣ ክለቡ ባንቺ ደሞዝ ላይ መንጠልጠሉ ያበቃል። የማይችል ወላጅ ካለ ልጁ በነፃ ይምጣ፣ እሱንም ደንባችሁ ላይ አስገቡት።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። መዝጋቱን ለጊዜው አቁሚው። ከእጅሽ የወጣውን ሁሉ የዘንድሮውን ብቻ በአንድ ወረቀት ጻፊው። ሳትሸፋፍኚ። ከወላጆቹ መካከል ሂሳብ የሚችል አንድ ሰው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አንድ ሰው ምረጪ። ያ ረጅሙ ልጅ፣ ትንንሾቹን የሚያስተምረው፣ አድጎ ከሆነ እሱንም ኮሚቴ ውስጥ አስገቢው። የልጆቹን ድምፅ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋችኋል። አንቺ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ረፍት ውሰጂ። እውነቴን ነው።

ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ። እኔ ባለሁበት ኮሚቴ አታመልክቺ፣ ወዳጅነታችን ስላለ አግባብ አይሆንም። ሌላ ቦታ የምትልኪውን ግን አነብልሻለሁ፣ በጀቱንም አብረን እንሠራዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ላይ ነኝ፣ ደውይልኝ። ስለ ማመልከቻው ባይሆንም ደውይልኝ። የልጆችሽን ነገር፣ የእናትሽን ጤና፣ ሁሉንም ልሰማ እፈልጋለሁ። ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በይልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ