ለአባባ ጆሮ የተላከ አምፕሊፋየር

ፍራንክፈርት፣ ጥር

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? አባባ እንዴት ናቸው? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም ጤናም አለ። ናፍቆታችሁ ግን ጥምቀት ሲደርስ ይብሳል።

አምፕሊፋየሩን፣ ማለት ከማጫወቻ የሚመጣውን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠውን ዕቃ፣ የሚያመጣልህ ሰው ተገኝቷል። አዲስ አበባ ሄደህ ራስህ ተቀበለው። ስምንት ኪሎ ይሆናል፤ የሚከብደው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ነው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነውና ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዳያስጭኑህ። ጭንህ ላይ ይዘኸው ና።

ለምን እንደገዛሁት ልንገርህ። ባለፈው ሁዳዴ ስደውል አባባ በስልክህ በገና እያዳመጡ ነበር። «እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ የበገናው ጥላ ነው» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልክ ናቸው እኮ። በገና አሥር አውታር አለው። ያ ሲርገበገብ የምንሰማው ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ነው። ከሥሩ ደግሞ ደረት የሚነካው ወፍራም ድምፅ አለ። የስልክ ስፒከር ጥፍር የምታህል ናት፤ ወፍራሙን ማውጣት አትችልም። ለአባባ የሚደርሳቸው መርገብገቡ ብቻ ነው።

አጎታችን ከአሜሪካ የላከውን ቴፕ ታስታውሳለህ? አንተ ያኔ ትንሽ ነበርክ። አሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ያንን የነገረን ሰው አልነበረም። ሶኬቱ ብቻ ተቀየረለትና ተሰካ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭስ ወጣ። አባባ ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። በነጋታው ካሴቶቻቸውን ካርቶን ውስጥ ከተው አልጋ ሥር አስገቡ። እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ይሄኛው እንደዚያ አይሆንም። የጀርመን መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ከእኛ ጋር ይስማማል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አይቼ ነው የገዛሁት። ያገለገለ ነው፤ ግን ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አስከፍቼ ሰምቼዋለሁ።

ያን ቀን የተቃጠለው የቴፑ አምፕሊፋየር እንጂ ስፒከሮቹ አይደሉም። እማዬ ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ ያደረገቻቸው እነዚያ ሁለት ሳጥኖች ምንም አልሆኑም። የግድግዳው መብራት እነሱ ጋ አይደርስም። በላክህልኝ ፎቶ ላይ 8 ኦም ይላል፤ ኦም ማለት ስፒከሩ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቋቋምበት መጠን ነው። የእኔው አምፕሊፋየር ከ4 ኦም ጀምሮ ይችላል፤ ስለዚህ ይስማማሉ። አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። የፊቱን ጨርቅ ቀስ ብለህ አንሳና የሚርገበገበውን የስፒከሩን ወረቀት ጠርዝ በጣትህ ንካው። ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይፈረፍራል። ከተፈረፈረ ሳትከፍተው ደውልልኝ፤ ጠርዙ ብቻ ይቀየራል።

አሁን አሠራሩን ልጻፍልህ። እንደደረስክ እንዳትሰካው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቀዋለህ። ከብርድ የገባ ብረት ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ያልበዋል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጥ።

ሽቦውን ከገበያ ግዛ። ለግድግዳ የሚሆነውን አንድ ወፍራም ክር ያለውን አትግዛ፤ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን፣ ጥንዱን ለስላሳ ነው የምትገዛው። ለሁለቱም ስፒከር እኩል ቁረጥ። ጫፉን አንድ ሴንቲ ያህል ላጠውና በደንብ ጠምዝዘው። አንዲት ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን ከነካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች። ይህንን ስትሠራ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። በሁለቱም በኩል። አንዱን ስፒከር ብትገለብጠው አይቃጠልም፤ ግን አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ዘማሪው መሃል ላይ መሰማቱ ይቀርና የት እንዳለ አይታወቅም። በገናው ቀጠነብኝ ካልክ መጀመሪያ ይህንን እይ።

እዚያ ያለውን ካሴት ማጫወቻ አምፕሊፋየሩ ጀርባ «ቴፕ» ወይም «አክስ» የሚለው ላይ ሰካ። «ፎኖ» የሚለው ላይ ግን በፍጹም። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው። የሸክላ መርፌ የምትሰጠው ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ እዚያ የገባ ሁሉ ብዙ እጥፍ ይጎላል። ካሴት ብትሰካበት ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል። የስልክህን ገመድም «አክስ» ላይ ነው የምትሰካው።

ስለ ዋቱ ያልከኝን አልረሳሁም። «40 ዋት አይበቃም፣ ጎረቤት 500 አለው» ብለኸኛል። ስማኝ ወንድሜ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ጆሮ የሚያውቀው ትንሽ ጭማሪ ነው። ድምፁ በጆሮህ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ አንድ ሁለት ዋት ይበቃል። ይልቅ ትንሹን አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ መክፈት ነው የሚጎዳው። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ቀድማ ትሄዳለች። ሻካራ ድምፅ ስትሰማ ወዲያው ቀንስ።

አቀማመጡ ላይ ጊዜ ወስደህ ሥራ። እኔ እዚህ ቤቴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳጥን ሳንቀሳቅስ ውያለሁ፤ የለውጡ ነገር አስገርሞኛል። መሬት ላይ አታስቀምጣቸው። በርጩማ ላይ አድርጋቸው፤ ትንሿ ስፒከር አባባ ሲቀመጡ ከጆሯቸው ጋር ትስተካከል። በሁለቱ መካከል ሁለት ሜትር ካለ፣ ከወንበራቸው እስከ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ያህል ይሁን። ጥግ ውስጥ አትወትፋቸው። ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ያብጠዋል፤ በገናው ከበሮ ይሆንብሃል። ከግድግዳው አንድ ሁለት ስንዝር አርቃቸው።

አዲሱ ቤት ብሎኬት ነው፤ ወለሉም ሲሚንቶ። ስትናገር እንኳ ያስተጋባል። የድሮው የጭቃ ቤታችን ለድምፅ ይሻል ነበር። መድኃኒቱ እዚያው ደጃችሁ አለ። ከመንዝ የመጣውን ዝተት አውጥተህ ከአባባ ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ ስቀልልኝ። መሬቱ ላይ ደግሞ ያንን የሱፍ ምንጣፍ አንጥፍ። ወፍራም ሱፍ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። እማዬ ዝተት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ትልህ ይሆናል። እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

ዳንቴሉንም ንገራት፤ ስፒከሩ ላይ ካልቀረ ይሁን፣ የፊቱን ጨርቅ አይሸፍን። አምፕሊፋየሩ ላይ ግን ምንም አይደረግ። ከላዩ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ጠባብ ሳጥን ውስጥም አታስገባው።

መብራት ሲሄድ ወዲያው ከሶኬት ንቀል። ዕቃውን የሚመታው ተመልሶ ሲመጣ ነው። አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቅና መለስ። የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር ብትገዛ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡን እልካለሁ። በክረምት መብረቅ ሲያጉረመርም አይሰካ። ፊውዙ ቢቃጠል ያንኑ ቁጥር ግዛለት እንጂ ሽቦ ጠምጥመህ አታስገባ። ሰፈራችን ውስጥ ሁሉ ሰው እንዲያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ፊውዙ የሚቃጠለው ዕቃው እንዳይቃጠል ነው። ስትከፍትም ስትዘጋም ድምፁን ዝቅ አድርገህ ይሁን።

ካሴቶቹ ደግሞ ለዓመታት አልተነኩም። አባባ የመረጡትን ከመክፈትህ በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው። ክሩ ከላላ በቢክ አጠንጥን፣ እንደ ድሮው። ማጫወቻው ውስጥ ያለችውን ክሩ የሚነካትን ብረት በጥጥና በአልኮል ጥረጋት፤ ትጥቆራለች። ድምፁ የታፈነው ብዙ ጊዜ በእሷ ቆሻሻ ነው።

የአባባ ግራ ጆሮ ደከም እንዳለ ነግረኸኛል። ፊት ለፊት «ሞኖ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ተጫነው። ያኔ ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ፤ በቀኝ ጆሯቸው ብቻ ቢሰሙም የሚያመልጣቸው የለም። ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ አትጨምር። ትሬብሉንም፣ ቀጭኑን፣ መሃል ላይ ተወው። መጀመሪያ እንዳለ ይስሙት።

ሁዳዴ ሳይገባ ብትጨርስ ደስ ይለኛል። ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ግን አንተ አታውጣው። አባባ ራሳቸው ያውጡት፤ የሚፈልጉትን ካሴት እሳቸው ይምረጡ። ያን ጊዜ ደውልልኝ። በስልክ በገናው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ስልኩን ወንበራቸው እጀታ ላይ አድርገው፤ እሳቸው የሚሉትን ነው መስማት የምፈልገው።

እማዬን ሳምልኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ።

እህትህ