«ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» እየተባለ የሚሠራ ሥራ

ክቡር አዘጋጅ፣

የተጀመረ ሕንፃ ሲጓተት ሁሉም የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋን ያነሣል። ልክ ነው። ጅማ ውስጥ በግንባታ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ግን ብዙም የማይወራ ሌላ ምክንያት በየሳይቱ እናያለን፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ በቃል የሚታዘዝ ለውጥ ነው። ባለቤቱ መጥቶ «ይህን ግድግዳ ወደዚያ ግፉት» ይላል። የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ «ደንበኛ አታስቀይሙ፣ ሥሩ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ይላል። ፎርማኑ ማፍረስ ይጀምራል። ወረቀቱ ግን አይደርስም፤ ክፍያ ሲጠየቅ «ማን አዘዘ?» ይመጣል።

ቀላል የሚመስለውን እንውሰድ። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። በዲዛይኑ ከሥሩ ቢም (ክብደት ተሸካሚ አግዳሚ) ነበረው፤ ሜትር ተኩል ሲገፋ ባዶ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ላይ ያርፋል። ሶሌታው ለዚያ ክብደት ካልተሰላ ይጎብጣል፣ ልስኑና ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ለሳኙ ነው።

ወለል መጨመር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሒሳቡን በግርድፉ እናስቀምጠው። አንድ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) 20 ካሬ ሜትር ወለል ቢሸከምና ካሬው አንድ ቶን ገደማ ቢመዝን፣ እያንዳንዱ ፎቅ 20 ቶን ያወርድበታል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከነላይኛው ሶሌታ 60 ቶን፣ ኮለኑና ፉቲንጉ (መሬት ውስጥ ያለው የኮለኑ መሠረት) ራሳቸው ሲጨመሩ 70 ቶን ይሆናል። አፈሩ በካሬ ሜትር 20 ቶን የሚችል ከሆነ 2 በ2 ሜትር የሆነ ፉቲንግ 80 ቶን ይይዛል፤ እስከዚህ ሰላም ነው። አንድ ፎቅ ሲጨመር 90 ቶን ይሆናል። የተቀበረን ፉቲንግ በስልክ ትእዛዝ ማስፋት አይቻልም። ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ የስትራክቸር ስሌቱ እንደገና መሠራት፣ የተሻሻለው ፕላንም በከተማው መጽደቅ አለበት።

ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ ከመነካቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይሙላ። ምን እንደተለወጠና በየትኛው የፕላን ቁጥር ላይ እንደሆነ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ከውሉ የሚቀነሰው ሥራ መጠን፣ የሚጨመረው መጠን፣ ዋጋው፣ የሚጨመረው ቀን፣ የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የተቋራጩ ፊርማ ይኑርበት። ዋጋው ላይ የሚረሱት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ማፍረሻው፣ ፍርስራሹን ማንሻው፣ ሠራተኛው ውሳኔ እየጠበቀ የዋለበት ቀን፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ። ውሉ ውስጥ ዋጋ ያለው ሥራ በውሉ ዋጋ ይሰላ፤ የሌለው ከዕቃ፣ ከጉልበትና ከመሣሪያ ተነሥቶ ይተንተን።

ቀኑ ላይ ጅማን ማወቅ ያስፈልጋል። በግንቦት የታዘዘ የሁለት ሳምንት ለውጥ ቁፋሮውን ወደ ክረምት ከገፋው ሁለት ሳምንት ሆኖ አይቀርም። ውኃ የሞላ ጉድጓድ ይቀዳል፣ የረጠበው አፈር ተጠርጎ ይወጣል፣ የመኪና መግቢያው ጭቃ ይሆናል። ይህም በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ጽሑፍ መጠየቅ ደንበኛን አለማመን የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ፤ አይደለም። በትልልቅ ሥራዎች የተለመደው የፊዲክ ውል (ዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውል) እ.ኤ.አ. በ1999 እትሙ ለቃል ትእዛዝ መፍትሔ አስቀምጧል፤ ተቋራጩ የተነገረውን በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ጽፎ ለመሐንዲሱ ይልካል፣ መሐንዲሱም ደርሶት በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ መመሪያ ካልሰጠ ያው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል። በዚያው ውል ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ካላሳወቀ መብቱ ይቀርበታል። ለግል ቤት ሥራ ፊዲክ ባይኖርም መንገዱን መከተል ይቻላል። ሳይት ኢንጂነሩ ማታውኑ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ታዘናል፣ ዋጋና ቀን ይዘን እንቀርባለን፣ እስከዚያ አንጀምርም» ብሎ ለአለቃውም ለአማካሪውም ይጻፍ።

ለምረቃ ቀን ሲባል የሚመጣው ግፊት ግን በፊርማም አይፈታም። ሥራ አስኪያጁ ሰው ጨምሮ ብሎኬት ድርደራውን ማፋጠን ይችላል፤ አርማታን ግን ሰው በመጨመር ማጠንከር አይቻልም። የዲዛይን ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ሲሆን በ7ኛው ቀን በተለመደው ሲሚንቶ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቢደርስ ነው። ሶሌታውን ደግፎ የያዘውን ባሕር ዛፍ በሳምንቱ ንቀሉ የሚል ኃላፊ ሲመጣ ኢንጂነሩ «አይሆንም» ከማለት አልፎ ምርጫ ያቅርብለት፤ ቀኑ ይራዘም፣ ወይም የምድር ወለሉ ብቻ ተጠናቆ ይመረቅ፣ ወይም አማካሪው የኩብ ምርመራውን (ከአርማታው የተወሰደ ናሙና የጥንካሬ ፍተሻ) ውጤት አይቶ በጽሑፍ ይፍቀድ።

የተፈረመው ወረቀት ቢሮ ፋይል ውስጥ ብቻ እንዳይቀር አንዱ ቅጂ ሳይት መዝገቡ ውስጥ ይግባ። አሮጌው ፕላን ላይም «ተሽሯል» ተብሎ ይጻፍበትና ከግድግዳው ይነሣ፤ ፎርማኑ የሚሠራው እዚያ ተለጥፎ ባየው ነውና።

በሕንፃ ግንባታ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ከጅማ